ውሃን ከደጅ መመለስ

ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የመጀመሪያ ቤቱን የገዛ አንድ ወጣት ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ቤዝመንቴ ውሃ እያስገባ ነው፤ ለግድግዳው የትኛው ቀለም ይሻላል?» አለኝ። በእድሳት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም። መልሴም ያው ነው፦ ቀለሙን ለጊዜው ተወውና ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘህ ቤትህን ዙር።

ግድግዳውን ከውስጥ ቀብተው «ከእንግዲህ አያሳስብህም» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። በዚህ አንስማማም። በውሃ የጠገበ አፈር ከግድግዳው ጀርባ 4 ጫማ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ውሃው ብቻውን እያንዳንዱን ስኩዌር ጫማ 250 ፓውንድ በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። ከውስጥ የተቀባው ቀለም ደግሞ የሚገፋው ከጀርባው ነው። ታኮማ ፓርክ አንድ ቤት ውስጥ በዚህ መንገድ የተቀባ ግድግዳ አሳዩኝ። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቀለሙ አብጧል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ተቀደደና ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። ከሥሩ ያለው ጡብ ነጭ ጨው አውጥቷል፤ በጥፍር ሲነኩት ይረግፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ቀለሙ የሠራው መደበቁን ብቻ ነው።

ውሃው ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከቤቱ ጣራ ነው። 1,000 ስኩዌር ጫማ በሚሸፍን ጣራ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲወርድ ከ620 ጋሎን በላይ ይሆናል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ወይም መውረጃ ቱቦው እግሩ ሥር ካፈሰሰ ይህ ሁሉ ውሃ መሠረቱ ላይ ይጠራቀማል። በዚያ ላይ ቤቱ ሲሠራ መሠረቱ ዙሪያ ተቆፍሮ የተመለሰው አፈር ከዓመት ዓመት ይሰምጣል፤ መሬቱም ወደ ቤቱ ያዘነብላል።

ስለዚህ አሸንዳው ይጠረግ፤ ቱቦው ቢያንስ 6 ጫማ ከቤቱ ይራቅ፤ ወደ ጎረቤት ግቢ ግን አይልቀቅ። ከዚያ ሸክላነት ያለው አፈር እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ፣ ከግድግዳው እስከ 10 ጫማ ድረስ መሬቱ 6 ኢንች ዝቅ እንዲል ይደረግ። ሲባጎና ውሃ ልክ ካላችሁ የሚቀረው የአካፋ ሥራ ነው። ላዩ ላይ የሚበተነው የእንጨት ቅርፊት ውሃ ስለሚያሳልፍ እንደ ተዳፋት አይቆጠርም። ቦይ የሚቆፍር ሰው አስቀድሞ 811 ይደውል፤ የጋዝና የመብራት መስመር ያለበትን ምልክት ያደርጉለታል።

ከወለሉ ሥር የከርሰ ምድር ውሃ የሚነሣባቸው ቤቶች አሉ፤ እነሱ ያለ ጉድጓድና ፓምፕ አይደርቁም። ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ፣ ቱቦው ባለበት ጥግ ብቻ የሚረጥብ ቤዝመንት ግን መፍትሔው ደጅ ነው። የተጠራጠረ ሰው ደረቅ ቀን ጠብቆ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ እዚያ ጥግ ይክፈትና ሌላ ሰው ባትሪ ይዞ ታች ይጠብቅ።

ውሃን ከቤት የማራቁ ሙያ ከእርሻ የመጣ ለመሆኑ ምስክር አለኝ። «ፈረንች ድሬን» የምንለውን፣ ውሃ የሚያንጣፍፈውን ባለ ጠጠር ቦይ በአሜሪካ በሰፊው ያስተዋወቀው ሄንሪ ፍላግ ፍሬንች የኒው ኢንግላንድ ዳኛና ገበሬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው መጽሐፍም ስለ እርሻ መሬት ነው። ልጁ ዳንኤል ዋሽንግተን ያለውን የሊንከንን ሐውልት ቀረጸ። እኔ በሐውልቱ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አባትየውን ነው።

የእኔም አባት ውሃን ከማሳ ማንጣፈፍ ያውቅ ነበር። ጤፍ ዘርቶ ሲጨርስ በማረሻው አግድም ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ቦይ ያወጣል። ቁልቁል ከበዛ ውሃው አፈሩን ይዞበት ይሄዳል፤ ሜዳ ከሆነ ውሃው ተኝቶ ሰብሉን ያበሰብሳል። አባቴ መሃሉን በዓይኑ ይመጥን ነበር። ዛሬ ቱቦ ስቀብር በየ8 ጫማው 1 ኢንች ዝቅ የማደርገው በእሱ ትምህርት ነው፤ ውሃ ልኩ የሚያረጋግጥልኝ የእሱን ዓይን ነው።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ቤዝመንት የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን የአሜሪካን ኑሮ የጀመርነው እዚያ ነው። እኔም በተከራየሁት ክፍል ከእናቴ የተላከልኝ ጋቢ ሻጋታ ሸትቶኝ ያውቃል፤ አጥቤውም ሽታው አልለቀቀም። ዛሬም ማታ ከሥራ ገብቶ እዚያ የሚተኛ፣ አከራዩን ላለማስቀየም ብሎ ስለ እርጥበቱ የማይናገር አዲስ መጪ አለ። ያን ክፍል የሚያከራይ የአገሬ ሰው ከኪራዩ በፊት አካፋውን ያንሣ። ደረቅ ወለል ለእንግዳ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ባለቤቱ ያለበት ዕዳ ነው።