ዊኒንግ ነው የናፈቀን ወይስ ወረፋው?

አሮጌ የኳስ ጌሞች ተሰብስበው እንደ አዲስ ሲሸጡ «ድሮ ቀረ!» የምንል በዝተናል። እስቲ እንመርምረው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የፕሌይስቴሽን 2 «ዊኒንግ» እንከን ሞልቶታል፤ ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» ይላቸዋል። አድሪያኖ በግራ እግሩ ከለጋማ በረኛው አበቃለት።

መተማ ዮሐንስ የማውቃት የጌም ቤት ቆርቆሮዋ እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ሰሊጥ አጫጁም፣ ተማሪውም፣ ከገላባት የተሻገረው ሱዳናዊም አንድ አግዳሚ ላይ ወረፋ ይጠብቃሉ። ሕጉ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። ይሄ አስተርጓሚ አያሻውም።

ስብስቡ ጨዋታውን ይመልሳል፤ ተጋጣሚውን ግን ከየት ያመጣዋል? እ.ኤ.አ. በ2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በዚያው ድንበር ብዙ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ተሻግሯል። ሶፋ ላይ ብቻውን ማሽኑን የሚረታ ሰው ድሉ ምን ሊጥመው ነው? ተነስቶ ወንበር የሚለቅለት የለ!