ሴባስቶፖል እዚያው አለ!

እውነተኛው የሴባስቶፖል መድፍ አለ! አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። ዋናው፣ ጋፋት ላይ ቀልጦ የፈሰሰው፣ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ያስጎተቱት፣ ዛሬም ደቡብ ወሎ መቅደላ ላይ ነው። ከሙዚየም መስታወት ጀርባ አይደለም፤ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቁበት ደጅ ላይ ነው። በዐይኔ አይቼው መጣሁ፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልናገር ማለፍ አቅቶኛል።

እኛ የቦሌ ሰዎች የመቅደላን ነገር የምንሰማው የተዘረፈ ቅርስ በአውሮፕላን ሲመለስ ነው። የያኔዋ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ዶክተር ሂሩት ካሳው የንጉሡን ቁንዳላ ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በመጋቢት 2011 ሲረከቡ፣ ገርጂ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠን ነበር። ለካ ከሁሉም የሚከብደው ቅርስ መመለስ አላስፈለገውም! መቼ ከአገር ወጣና!

እስቲ አስቡት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲያራቁት ምርኮውን የጫነው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ነው። ታቦቱ፣ የብራናው መጽሐፍ፣ ዘውዱ፣ መስቀሉ፣ ሁሉም ተጋዘ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተባለበት። ሴባስቶፖል ግን ቀረ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ነሐስ የትኛው ዝሆን ይሸከመዋል?

አሠራሩ ራሱ ጉድ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩት ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ባልንጀሮቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሠርተው አያውቁም! ቢሆንም ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ምድጃ ገነቡ፤ ከሸፈ። እንደገና ገነቡ። ከትንንሾቹ ጀምረው እጃቸውን አፍታቱና በ1859 ዓ.ም. ይህን ግዙፍ አፈሰሱት። በክራይሚያው ጦርነት በተከበበችው የሩሲያ የወደብ ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

መንገዱስ! ስለ መንገዱ ለምን በቅጡ ሳይነገረን ቀረ? በ1860 ዓ.ም. መባቻ፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መድፉ በሠረገላ ላይ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል። ከፊታቸው መንገድ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ቋጥኙ በባሩድ ይፈነዳል፣ ጎድጓዳው በድንጋይ ይሞላል፣ ከዚያ መድፉ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ በማግስቱም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያነሣሉ። አገሩ ሸፍቶባቸዋል፤ ሠራዊቱ በየሌሊቱ እየከዳ ይሳሳል። እንዲያም ሆኖ ጅጣን ወርደው ወጡ፣ የደላንታን ሜዳ አቋረጡ፣ በሽሎን ወርደው ወጡ፣ በመጋቢት መቅደላ ሥር ደረሱ። ስድስት ወር ገደማ!

የበሽሎን ገደል ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳየው ጉልበቴ ተብረከረከ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው፤ ለእኔ ግን የባሰው ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ላይ ሲደክምህ ድንጋይ ደግፈህ ታርፋለህ። ቁልቁለት ላይ 7 ቶን ወደ ገደል ሊከንፍ ሲታገልህ፣ ከኋላ ሆነህ በጠፍር ብቻ መያዝ አለብህ፤ ጠፍሩ ቢበጠስ መድፉም ሰውም የለም። ሲኤምሲ የሚኖር የመንገድ መሐንዲስ ወዳጄን ይህን ነግሬው ለረጅም ጊዜ ራሱን ሲነቀንቅ ቆየና፣ «ማነው ቀያሹ?» አለኝ። ቀያሹማ ቴዎድሮስ ናቸው!

ከዚህም የሚገርመው የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ጠረፍ ተነሥቶ ሲገሠግሥ የጅጣን ሸለቆ የተሻገረው በዚሁ መንገድ መሆኑ ነው። ንጉሡን ሊወጉ የመጡት የእንግሊዝ መኮንኖች ሥራውን አድንቀው ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሚያዝያ 3 እሮጌ ላይ የንጉሡ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፣ ሚያዝያ 6 ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

መድፉ ፊት ስቆም መጀመሪያ ቃል አጣሁ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ዙሪያውን ሮጥኩ። ፎቶግራፍ ይዋሻል! የከንፈሩን ውፍረት፣ የሆዱን ስፋት ፎቶ አያሳይም። ብረት ያለበት የጦር ቅርስ በየሙዚየሙ አይቻለሁ፤ ጎራዴም፣ ጠመንጃም፣ የጣሊያን መትረየስም። አንዳቸውም እንዲህ አላደረጉኝም፤ ምክንያቱም ይኼ ያለው ባለቤቱ ባደረሰው ተራራ ላይ ነው። ዞር ስል ደግሞ የወጣበት ገደል ከፊቴ ተዘርግቷል።

አገር ሰላም ሲሆን ሂዱ! ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ በኩታበር አድርጋችሁ የተንታዋ አጅባር፣ ከዚያ አምባ ማርያም፤ የጥንቷ መቅደላ ማለት ናት። ጠንካራ ጫማና ውኃ ያዙ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። እኔ ቀጥሎ የማስበው ከጋፋት ተነሥቼ ያንን መንገድ በእግሬ መከተል ነው፤ ጅጣን ቁልቁል፣ በሽሎን ሽቅብ፣ መድፉ እስካለበት ድረስ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ።