ፒክአፑን መሬት የሚያስይዙ እጆች

ባዶ ፒክአፕ የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ኮረኮንች ላይ ወይም ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ነዳጅ ጫን ሲያደርጉበት ጭራው ወደ ጎን ይሄዳል። መኪናው የተሠራው ጭኖ እንዲሄድ ነው፤ ሞተሩና ጋቢናው ከፊት፣ ባዶው የጭነት ሳጥን ከኋላ። የሚገፋው ግን የኋላው ጎማ ነው። አሸዋ በጆንያ ሞልቶ ከኋላ መጣል የቆየ መፍትሔ ነው።

በካሊፎርኒያ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ፒክአፕ የሚያሻሽሉ ባለሙያዎች ግን ችግሩን ሆን ብለው ያከብዱታል። ለጭነት በተሠራው መኪና ላይ 500 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይጭኑበታል፤ ከዚያ ያን ሁሉ ጉልበት በሁለት የኋላ ጎማዎች መሬት ለማስያዝ ይነሳሉ። ትልቅ ሞተር ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። ጉልበቱን መሬት ማስያዝ ግን ጥንቃቄና ትዕግሥት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው፤ ሊደነቅ የሚገባውም ይህ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ክፍል ነው።

አካባቢው ከፒክአፕ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1916 ምሥራቅ ኦክላንድ ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። በ1963 ያ ፋብሪካ ሲዘጋ የሸቭሮሌ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ሥራውን በሁለቱ ከተሞች መካከል ወዳለችው ፍሪሞንት ወሰደው፤ እስከ 1982ም የሸቭሮሌ ፒክአፖችና ግማሽ አውቶሞቢል ግማሽ ፒክአፕ የሆነችው ኤል ካሚኖ ከዚያ ወጡ። ከ1984 ጀምሮ ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ በዚያው ግቢ በጋራ ሠሩ፤ አገር ቤት የምናውቀው የሃይሉክስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ታኮማ በ2010 ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ይገጣጠም ነበር። ፍሪሞንት ከ1959 እስከ 1988 ድረስ የቀጥታ መስመር ውድድር ሜዳም ነበራት። ዛሬ ጉልበቱን በሕግና በሰላም መለካት የሚፈልግ ሰው ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ወዳለው የሶኖማ ውድድር ሜዳ ይወጣል፤ ሜዳው በውድድር ወቅት በረቡዕ ምሽቶች ለማንኛውም ባለመኪና ክፍት ይሆናል።

የችግሩን መጠን በምሳሌ እንመልከት። 1,800 ኪሎ የሚመዝን ባዶ ፒክአፕ ከክብደቱ 60 በመቶው ፊት ላይ ነው እንበል፤ ለኋላ ጎማዎች 720 ኪሎ ይቀራቸዋል። መኪናው ሲፈተለክ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ይህ 900 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ደህና የመንገድ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ቢበዛ የተጫነበትን ክብደት ያህል ይገፋል፤ ጣሪያው እንግዲህ 900 ኪሎ ነው። አሁን 600 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያለው ሞተር ይግባበት። ካምቢዮው በአንደኛ ማርሽ ሦስት እጥፍ፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 3.73 እጥፍ ያበዙታል፤ ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 1,950 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይሆናል። ጎማው ከሚችለው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ትርፉ የት ይሂድ? ሥራውን ያልጨረሰ መካኒክ ጋ ጭስ ይሆናል።

ከ1973 በኋላ የተሠራ ሲ10 የሸቭሮሌ ፒክአፕ ሥር ገብተን እንይ። የኋላ አክስሉን የያዘው ባሌስትራ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው ወደ ፊት ሲዞር አክስሉ ራሱ በተቃራኒው ሊጠመዘዝ ይሞክራል፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከአክስሉ ፊት ያለው የባሌስትራው ግማሽም አብሮ ይጣመማል። የተጣመመ ብረት ደግሞ ይመለሳል። ሲመለስ ጎማው መሬት ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል፣ ባሌስትራው እንደገና ይጣመማል። ጎማው በዚህ ሁኔታ መዝለል ሲጀምር ዘንግና መስቀለኛ ይሰበራል።

መድኃኒቱ በቀኝና በግራ አንድ አንድ ዘንግ ነው፤ ከአክስሉ ተነስቶ በባሌስትራው ሥር እስከ ፊተኛው ጆሮው ይዘረጋል። አክስሉ ሊጠመዘዝ ሲል ዘንጉ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ፊት ያደርሰዋል፤ እዚያ ሻንሲውን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ጎማውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ባሌስትራውን ሲያጣምም የነበረው ጉልበት ጎማውን መሬት የሚያስይዝ ጉልበት ሆነ። በሬው የቱንም ያህል ቢበረታ ቀንበሩና ሞፈሩ ካልተስተካከሉ ማረሻው አፈር አይገባም፤ ይህም ዘንግ ሥራው የሞፈር ሥራ ነው።

ዘንጉን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው ብየዳ ላይ ዓይን ይቆይ። የአክስሉ ቧንቧ ፍጹም ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው በአንድ ወገን ያለማቋረጥ ከበየደው ሙቀቱ ይጎትተውና ያጎብጠዋል። የሚያውቅ እጅ ግን ጣት በሚያህል ርዝመት ይበይዳል፣ ያቆማል፣ ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። የሥራው ውጤት ይታያል፦ የብየዳው ሞገዶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ናቸው፤ ጠርዙ ቧንቧውን ሳይቦረቡረው ተዋህዶ ያልቃል፤ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው የተሻገረበትን ቦታ መለየት ያስቸግራል። ይህን ሁሉ ጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሠሪው ግን ሰው እንደሚያየው አድርጎ ሠርቶታል።

ቀጥሎ መለካት ይመጣል። የሞተሩ ጥምዘዛ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ በሚሄደው ዘንግ በኩል ወደ ኋላ ሲመጣ አክስሉን ሊያጋድለው ስለሚሞክር ቀኙ የኋላ ጎማ ይቀልላል፤ መጀመሪያ የሚንሸራተተው እሱ ነው። ስለዚህ የቀኙ ዘንግ ከግራው ትንሽ ጠበቅ ይላል፤ ዳዶው ጥቂት ዞሮ ይቆማል፣ መኪናው ይሞከራል፣ እንደገና ይስተካከላል። ባትሪው ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ ከሳጥኑ በስተቀኝ የሚቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ቀጭን የብረት ሽብልቅ ይገባል፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ሲቆም ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች እንዲያጎነብስ፣ ጉልበት ሲመጣበት ግን ተነስቶ ቀጥ እንዲል።

ዲፈረንሻሉ ራሱ ሌላ ዓለም ነው። ተራው ዲፈረንሻል መንሸራተት ለጀመረው ጎማ ያደላል፤ አንዱ በከንቱ ሲዞር ሌላው ጉልበት ያጣል። ሸቭሮሌ በ1957 ፖዚትራክሽን ብሎ ያቀረበው ዓይነት ግን እንደ ፍሪሲዮን የተደራረቡ ሳህኖች አሉት፤ ሁለቱን ጎማዎች ያስተሳስራል፣ መታጠፊያ ላይ ግን እንዲለያዩ ይፈቅዳል። ሳህኖቹ ከጠበቁ መኪናው ሲታጠፍ ያንቀጠቅጣል፤ ከላሉ ሥራቸውን አይሠሩም።

በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሳሞች፣ ኮሮናና ፒኞን፣ ሲገጠሙ ያለው ጥንቃቄ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ባለሙያው የኮሮናውን ጥርሶች በብሩሽ ቢጫ ቅባት ይቀባል፤ ከዚያ በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ፒኞኑ የነካበት ቦታ ላይ ቅባቱ ይነሳና ሞላላ ምልክት ይቀራል። ምልክቱ ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ አብዝቶ ገብቷል፤ ወደ ጫፉ ከወጣ ገና ነው። የጥርሶቹ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይፈለጋል። መሃሉን እስኪያገኝ ይፈታል፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቀለበት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ መልሶ ይገጥማል፣ መልሶ ይቀባል። ይህን ደጋግሞ ያደረገ ሰው የሠራው ዲፈረንሻል ከነጉልበቱ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል።

የቀረውን ኮምፒውተር ይጨርሰዋል። የፊትና የኋላ ጎማዎችን ፍጥነት እያነጻጸረ የኋላው ምን ያህል እንደሚቀድም ያያል። ጎማ አስፋልት ላይ ከሁሉ በላይ የሚይዘው ጨርሶ ሳይንሸራተት ሳይሆን ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ሲቀድም ነው፤ ከዚያ ካለፈ መያዙ ይቀንሳል። በቤንዚን ሞተር ፈጣኑ ልጓም የእሳቱን ጊዜ ማዘግየት ነው፤ በሚቀጥለው ፍንዳታ ጉልበቱ ይወርዳል። ቱርቦውም በአንደኛ ማርሽ በጥቂቱ እንዲነፋ፣ ማርሹ ሲጨምር እንዲጨምር ይደረጋል። በፍሪሞንቱ ግቢ ዛሬ ቴስላ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ልጓም ከቤንዚን ሞተር እጅግ በፈጠነ ጊዜ ይስባል። ነገር ግን ኮምፒውተር ሊቀንስ የሚችለው ጉልበትን ብቻ ነው። ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስነው ቀድሞ ከሥር የተሠራው ብረት ነው።

ኦክላንድ ውስጥ የቀድሞው የሸቭሮሌ ፋብሪካ ቦታ ላይ ኢስትሞንት የገበያ ማዕከል ተሠራ፤ ወጣቶች ጎማ እያጨሱ መኪና የሚያሽከረክሩበት ልማድም በ1980ዎቹ ከማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ ጋር ስሙ ተያይዟል። ልማዱ ዛሬ መንገድ ዘግቶ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ሆኗል። ጎማ ማንሸራተት ግን ብዙ ሥራ አይፈልግም፤ ከላይ ያየነው ሒሳብ እንደሚያሳየው ጉልበት ያለው ባዶ ፒክአፕ ያለ ባለሙያ ይንሸራተታል። ከባዱ እንዳይንሸራተት ማድረጉ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ያሻሻለውን ፒክአፕ ሲያሳየን ኮፈኑን አስከፍተን የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አንጠይቅ። ጎንበስ ብለን ብየዳውን እንይ፤ የቀኙና የግራው ዘንግ ለምን እንደተለያየ፣ ዲፈረንሻሉን ማን እንደገጠመው እንጠይቅ። ባለሙያውም ለነዚህ ሰዓታት ሲያስከፍል ዋጋው በዛ አይባል። መኪናው ዝናብ በመታው መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው በዚያ ገንዘብ ነው።