ኦገስት ዊልሰን ስለ ተውኔቶቹ ሲያወራ

ጸሐፌ ተውኔት ሥራው ከየት እንደመጣለት ሲያወራ መስማት ደስ ይለኛል፤ የኦገስት ዊልሰንን ያህል የማረከኝ ግን የለም። በፒትስበርግ የተወለደው ይህ ሰው የጥቁር አሜሪካውያንን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ኑሮ በ10 ተውኔቶች አስነብቦናል። የጥበብ ባለዕዳነቱን አይደብቅም፤ የብሉዝ ሙዚቃን፣ ደራሲውን ቦርሄስን፣ ጸሐፌ ተውኔቱን አሚሪ ባራካን፣ ሠዓሊውን ሮማሬ ቤርደንን በየስማቸው ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1990 የፑሊትዘር ሽልማት ያስገኘለት «ዘ ፒያኖ ሌሰን» ከነርዕሱ የተገኘው ከቤርደን ሥዕል ነው፤ ፒያኖ የምትማር ልጅና አጠገቧ የቆመች ሴት ከሚታዩበት።

ወጣት ሳለ ገጸ ባሕርያቱን እንዴት እንደሚያናግራቸው ቸግሮት ወዳጁን ሮብ ፔኒን ጠየቀው። ፔኒም አታናግራቸው፣ አድምጣቸው አለው። ምክሩ ቶሎ እንዳልገባው ዊልሰን ራሱ ይናገራል፤ ይህ ሐቀኝነቱ ለጀማሪ ጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ይመስለኛል።

ከሁሉ የምወደው የናፕኪኑን ወሬ ነው። ካፌ ተቀምጦ ናፕኪን ላይ ሲጽፍ ያየችው አስተናጋጅ፣ እዚያ ላይ የምትጽፈው ከቁም ነገር ስለማይቆጠር ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም በነጻነት የሚጽፈው ለካ ለዚህ መሆኑን የተረዳው በእሷ ጥያቄ ነበር።