ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳው ግን የት አለ?

እኛ ዘንድ መኪና የሚመዘነው በሚጭነው ሰው ቁጥር ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ከተባለ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «ስንት ሰው ይይዛል?» የሚል ነው። ይህ የጉጉት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለቅሶ አለ፤ ሰርግ አለ፤ ከአየር ማረፊያ የሚመጣ ዘመድ አለ፤ ከዘመዱ የሚበልጥ ሻንጣም አለ። ስለዚህ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣራው የሚገለጥ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ መኪና መግዛት በእኛ ሰው ዓይን ከገንዘብ ብክነትም አልፎ ትንሽ የክህደት ሽታ አለው። «እኔና አንድ ሰው ብቻ፤ ሌሎቻችሁ በእግራችሁ» ብሎ በአደባባይ ማወጅ ይመስላል።

እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን አዋጅ ሁለት ጊዜ አውጄዋለሁ። መጀመሪያ የ1999 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ነበረችኝ፤ ስድስት ዓመት ነዳኋት። እሷን ሸጬ የ2009 ሞዴል ፖርሽ ቦክስተር ገዛሁ፤ ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ያገኘኝ ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ይለኛል። በአንድ ቃል የማልመልሰው ጥያቄው በውስጡ ሁለት ጥያቄ ስላለበት ነው። የቱ የተሻለ ማሽን ነው? የቱስ የተሻለ ንብረት ነው? አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል። ክርክሬም ከዚህ ይጀምራል።

ከሚያታ ልጀምር። ነገሩ የተጠነሰሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ኋላ የማዝዳ ፕሬዚዳንት ለሆኑት ለኬኒቺ ያማሞቶ «ያቺን ርካሽና ክፍት የእንግሊዝ መኪና ዛሬ የሚሠራ የለም፤ እናንተ ሥሩ» አላቸው ይባላል። እንግሊዞቹ የሠሯቸው መኪኖች ውብ ነበሩ፤ ግን ዘይት ያፈሳሉ፣ ዝናብ ሲመጣ አልነሳም ይላሉ። ጃፓኖቹ ውበቱን ወስደው ሕመሙን ተዉት። ሚያታ በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ብቅ አለች፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 ፈረስ ብቻ። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ተመረተች። በዓለም ላይ እንደ እሷ የተሸጠ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና የለም።

ማዝዳዎቹ የተመሩበት ሐሳብ በቋንቋቸው «ጂንባ ኢታይ» ይባላል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ እንደ ማለት ነው። ይህን ለጃፓናዊ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል እንጂ ለእኛስ አያስፈልግም። እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን በፈረሳቸው ስም የጠራን ሕዝብ ነን። ሰውየው ፈረሱን መርጦ ስም ያወጣለታል፤ ፈረሱ ደግሞ ስሙን መልሶ ለሰውየው ይሰጠዋል። «አንድ አካል» ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ?

የእኔዋ ሚያታ ሁለተኛው ትውልድ ናት፤ 1.8 ሊትር፣ 140 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም የማይበልጥ። ከዜሮ ተነስታ 60 ማይል ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ገደማ ትፈጃለች፤ ዛሬ አንድ ደህና የቤተሰብ መኪና ይቀድማታል። ነገር ግን ኮፈኗን ስትከፍት ሁሉም ነገር ፊት ለፊትህ ነው። አራቱ ካንዴላ እዚያው፤ የዘይት መለኪያዋ ዘንግ እዚያው፤ ባትሪዋ በስተኋላ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ። ዘይቷን፣ ካንዴላዋን፣ የፍሬን ሸራዋን ራሴ እቀይር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሬ ለምሳ እጄን ታጥቤ እቀርባለሁ። ጣራዋን ለመክፈት ሁለት መቆለፊያ ፈትቶ በአንድ እጅ ወደ ኋላ መወርወር ነው፤ ከወንበር መነሳት እንኳ አያስፈልግም። በየ60,000 ማይሉ መቀየር ያለበት የሞተር ቺንጋ አለባት፤ እሱም ቢሆን ኪስ አይቀድም። ባጭሩ፣ ሚያታ ባለቤቷን ታውቀዋለች፤ እሱም ያውቃታል።

ታዲያ ለምን ሸጥካት? ከሰው ልጅ ጠባይ የተነሳ ነዋ! ጥሩ የቀመሰ የተሻለውን ለመቅመስ ይመኛል። ምኞቱን ጨክኜ ያዝኩት፤ አገኘሁትም።

የፖርሽ ነገር ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባን የሞላት ቮልስ የፈርዲናንድ ፖርሽ ሥራ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አባ ጠቅል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ያን ቀን ያቺ ትንሽ መኪና የተመረጠችበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ መኪና ሰውን ከፍ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ለማድረግም እንደሚያገለግል አይተናል። በ1948 የፖርሽን ስም ይዛ የወጣችው የመጀመሪያዋ መኪና ከዚሁ ከቮልስ አካል የተሠራች ናት። ጣራዋ ክፍት፣ ወንበሯ ሁለት፣ ሞተሯም ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ነበር።

ይህን የማነሳው «ቦክስተር እውነተኛ ፖርሽ አይደለም» ለሚሉት ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ቦክስተርም በ1996 ሲወጣ የፊቱን መልክ ከ911 ስለተጋራ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ባለቤቱ ሁሌ «የ911 ዘመድ ነው» እያለ ማስረዳት ይጠበቅበት ነበር። ነገር ግን ሞተሩ ያለበት ቦታ ሲታይ ከ911 ይልቅ ለዚያች ለ1948ቷ የሚቀርበው ቦክስተር ነው። የታሪኩ ሌላ ገጽ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ፖርሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊወድቅ ተንገዳግዶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቬንዴሊን ቪዴኪንግ ከቶዮታ የወጡ የጃፓን ባለሙያዎችን ጠርተው የፋብሪካውን አሠራር አስፈተሹ፤ ከቦክስተር ሽያጭ ጋር ተዳምሮ ድርጅቱ ዳነ። እንግዲህ ጃፓን የእንግሊዝን አይታ ሚያታን ሠራች፤ ጀርመንም የጃፓንን አሠራር ተምራ ቦክስተርን ሠራች። ንጹሕ ዘር የሚባል ነገር በመኪናም የለም።

እንደ ማሽን ካየነው ክርክር የለም፤ ፖርሹ ይበልጣል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.9 ሊትር፣ ጉልበቱ 255 ፈረስ። ፍሬኑን ስትነካው መኪናው መሬት ውስጥ የሚሰርግ ይመስላል። ኩርባ ላይ ሚዛኑ እንደ ዕቃ ቤት ሚዛን ነው፤ ከሚያታ 300 ኪሎ ያህል ከብዶ እንኳ ክብደቱን ይደብቃል። እስከ 2008 ሞዴል ድረስ በነበሩት ሞተሮች ውስጥ አንዲት ኩሽኔታ ነበረች፤ እሷ ከተሰበረች ሞተሩ አለቀለት። ከ2009 ጀምሮ ሞተሩ በአዲስ ስለተተካ ኩሽኔታዋም ዘንጓም ቀሩ። እኔም የ2009ን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ደግሞም አትሳቁ፣ ከሚያታ የተሻለ ዕቃ ይጭናል! ሞተሩ መሐል ላይ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው። አርባ እንጀራ ከፊት፣ የወጡ ድስት ከኋላ አድርጌ ክርስትና ሄጃለሁ። አክስት መጫን ግን አይቻልም።

እንደ ንብረት ስናየው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሞተሩን ለማየት ብትፈልግ አታየውም። ከላይ ያለው የዘይትና የውኃ መሙያ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ሌላው ከጣራው ሥርና ከወንበሩ ጀርባ ተቀብሯል። የዘይት መለኪያ ዘንግ እንኳ የለውም፤ የዘይቱን ልክ የሚነግርህ ዳሽቦርዱ ነው። «እመነኝ» ይልሃል። ዘይቱ የሚያታን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ስለሚሰፉ የፊቱን ወደ ኋላ እያዞሩ ዕድሜ ማስረዘም አይቻልም። ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ግምት ልክ የንብረት ግብር ታስከፍላለች፤ ውድ መኪና ቆሞም ይበላል። ቅዳሜ ጠዋቴን ያጠፋሁት ከሚያታ ጋር ነበር፤ አሁን የሚያጠፋው መካኒኩ ነው፤ ከፋዩ እኔ። አንድን ነገር የራስህ የሚያደርገው ሊብሬው ላይ ያለው ስምህ ነው ወይስ እጅህ ላይ የቀረው ግራሶ? እኔ ወደ ግራሶው አደላለሁ።

ፍርዱን የሚሰጠው ግን መንገዱ ነው። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ 105 ማይል የሚጠማዘዝ መንገድ አለ። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። ሚያታ በ35 ማይል ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትዘፍናለች፤ ማርሽ ትለውጣለህ፣ መሪ ትዞራለህ፣ ላብህ ጠብ ይላል፤ የምትሮጥ ይመስልሃል። ቦክስተር በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ማርሽ ገና አላዛጋም፤ ሞተሩ ከአቅሙ ግማሽ አልደረሰም። ቤንዚን መስጫውን ጫን ብታደርግለት ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ የዋሽንግተን ቀለበት መንገድን የ55 ማይል ወሰን ያልፋል። ሦስተኛ ላይ ችሎት ያደርስሃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፤ እስከ 12 ወር የሚያሳስር ወንጀል ነው። (እስከ 2020 ድረስ ወሰኑ 80 ነበር።) የራዳር ጠቋሚ መጠቀምም ክልክል ነው። አባቶች «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይሉ ነበር። ፖርሽ ፈረሱን ሰጠኝ፤ ሜዳውን ግን አብሮ የሚሸጥ ሰው የለም። ሚያታ ለሜዳዬ ልክ የተሰፋች ነበረች።

አሁን ወደ ሰዉ ልምጣ፤ ለነገሩ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። አንዲት የማከብራቸው እናት ሚያታን ያዩ ቀን «ልጄ፣ ቀሪው ግማሿ መቼ ይመጣል?» ብለው አስቀውኛል። ፖርሹን ሲያዩ ግን አልቀለዱም፤ «ይጨምርልህ» ብለው ዝም አሉ። መሐል ከተማ መኪና የማቆምበት ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ያገሬ ልጅ ሚያታን «ጥጉ ጋ ወሽቃት» ይለኝ ነበር፤ ዛሬ «ጋሼ፣ እዚህ ፊት ለፊት ይሁንልዎ» ይለኛል። ሰውየው ያው ነኝ። ደመወዜም ያው ነው።

«በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ልጅ ይማርበት ነበር?» የሚለው ጥያቄም የመጣው ከፖርሹ ጋር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልቀየምም። ግን ይህን የሰሙት ጆሮዎቼ አንድ ነገር ታዝበዋል። ያገለገለ ፖርሼን የገዛሁት ከአዲስ ቶዮታ ሲየና ባነሰ ዋጋ ነው። ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ገዝቶ ሰባት ቀን ብቻውን ወደ ሥራ የሚነዳውን «ስንት ልጅ ይማርበት ነበር?» ያለው የለም። ባዶ ወንበር ይቅር ይባላል፤ ደስታ ግን ይቆጠራል። አክብሮቱም ተግሣጹም የመጣው ከገንዘቡ ሳይሆን ከስሙ ነው ማለት ነው። ሒሳቡን እንሥራ ካልን የሁላችንንም እንሥራ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። ሚያታን ያየ ጎረምሳ «ጣራዋ እንዴት ነው የሚከፈተው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ፖርሹን ያየው «ስንት ይሄዳል?» ይላል። ከ160 ማይል በላይ ይሄዳል። ይህን ቁጥር ስትነግረው ዓይኑ ውስጥ የሚበራው ብርሃን ያስፈራኛል። የዚሁ የቦክስተር ቅድመ አያት የሆነችው ፖርሽ 550 በመስከረም 1955 የፊልም ተዋናዩን ጄምስ ዲንን በ24 ዓመቱ ካሊፎርኒያ መንገድ ላይ አስቀርታዋለች። ስለዚህ ልጆች ሲጠይቁኝ ቁጥሩን ትቼ ስለ ፍሬኑ አወራለሁ። ደስ አይላቸውም።

ፍርዴን ላጠቃልል። ዕድሜው ገና ለሆነ፣ እጁን ማሠራት ለሚወድ፣ በሕግ ወሰን ውስጥ ሙሉ ደስታ ለሚፈልግ፣ ሚያታ። ድንቅ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በየቀኑ ለማየት የሚፈልግ፣ የመካኒክ ሒሳብ ሲመጣ ፊቱ የማይጠቁር፣ እግሩንም የሚቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ቦክስተር። እኔ በዚህኛው ላይ ነኝ፤ ለጊዜውም አልወርድም። ለመከበር ብሎ የሚገዛ ካለ ግን አንዱም አይሁንበት። ያቺ አገር በፈረስ ስም የጠራቻቸው ሰዎች ስሙን ያገኙት ፈረስ ስለገዙ አልነበረም፤ ከፈረሱ ላይ ሆነው በሠሩት ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።