ሥዕሉን ማን ያነበዋል?
(ከጣና ዳር የሥዕል ትረካ በመነሣት የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት)

የዚህ መጣጥፍ መነሻ አንድ የተሳሳተ ፍርድ ነው፤ ፈራጁም እኔ ነበርኩ። በ2009 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሳስተምር አንድ የዘጌ ተወላጅ ተማሪዬ፣ የአገሩ ሠዓሊዎች በፍየል ቆዳ ላይ እየሣሉ ለእንግዳ የሚሸጡትን የንግሥተ ሳባ ታሪክ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊያጠና የጥናት ንድፍ ይዞልኝ መጣ። ሁለት ገጽ ያህል አንብቤ፣ «ይህ የሠዓሊዎች ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሥራ በቃል የተነገረውና በፊደል የተጻፈው ነው» ብዬ መለስኩለት። ልጁ አልተከራከረኝም። የአንድ ረጅም ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያትን አጥንቶ፣ ደኅና ውጤት አግኝቶ ተመረቀ። ጥናቱን ሳነብ ግን ልቡ በውስጡ እንዳልነበረ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳሰላስለው በዚያች አጭር መልሴ ውስጥ ሁለት ስሕተት አግኝቻለሁ፤ አንደኛው ስለ ድርሰቱ ምንነት፣ ሁለተኛውና የባሰው ስለ ተደራሲው ነው።

በሒሳችን ውስጥ የሥዕል ትረካ፣ ማለትም የውጭ ሰዎች «ኮሚክ» የሚሉት፣ እኛም አዘውትረን ከጋዜጣ ካርቱን ጋር የምንቀላቅለው፣ ወይ የሕፃናት መጫወቻ ወይ የገበያ ዕቃ ተደርጎ ይታያል። እኔ ልከራከርበት የምሻው ነጥብ ይህ ነው፦ በአማርኛ ተናጋሪው ባህል የሥዕል ትረካ ገጹ ላይ ተጀምሮ ገጹ ላይ የሚያልቅ ድርሰት አይደለም፤ አጠገቡ ቆሞ የሚያነብለት ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህም ባለሙያው ወደ ተደራሲው የሚያደርገው ጉዞና ከተደራሲው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ሰዓት ከድርሰቱ ውጭ ያለ ንግድ ብቻ አይደለም፤ የድርሰቱ አንድ ክፍል ነው።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ዘጌ ሲወርዱ፣ በቡናው ደን ውስጥ የሚወጣው የእግር መንገድ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያደርሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። የካቲት 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ያው ተማሪዬ ጋብዞኝ ሄድኩ (ቂም አልያዘብኝም፤ ወይም ከያዘም እንዲህ ባለ መንገድ ነው የተወጣው)። ሕዝቡ ቀለል ሲል አንድ ዲያቆን ረጅም ዘንግ ይዞ መጣና መጋረጃውን ገልጦ፣ ከገጠር ለመጡ ምእመናን ሥዕሉን ማንበብ ጀመረ። «ማንበብ» የምለው አውቄ ነው፤ ልጁ ራሱም «ላንብብላችሁ» ነው ያለው።

የደረሰበት ታሪክ የበላዔ ሰብእ ነበር። ነገሩ ከተአምረ ማርያም የታወቀ ነው፦ 78 ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ያጠጣል፤ በፍርድ ጊዜም ያቺ ውኃ በሚዛን ላይ የበላቸውን ነፍሳት ሁሉ ትመዝናለች። በዚህ ዐይነቱ አሣሣል አንድ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ እዚህ ሲበላ፣ እዚያ ሲያጠጣ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ነፍሱ ስትመዘን። ጊዜውን የሚለየው የሥዕሉ መስመር ሳይሆን የዘንጉ ጫፍ ነው። ከሥዕል አጠገብ የሚጻፈው ቃልም አይተርክም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ልማድ ይህ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምርና ማን ምን እንዳደረገ በአንድ ሐረግ ተናግሮ ይዘጋል። እኔ ለብዙ ዓመታት ይህን አጭርነት እንደ ድክመት እቆጥረው ነበር። ያን ዕለት ግን ዲያቆኑ በሐረጉና በሥዕሉ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ የለምጻሙን ድምፅ በጉሮሮው እያሰለለ፣ የበላዔ ሰብእን ቁጣ እያጎላ፣ «ስለ ማን ብለህ ነው የምትለምነኝ?» የሚለውን ሦስት ጊዜ እያመላለሰ ሲሞላው አየሁ። ሚዛኑ ጋ ሲደርስ ዘንጉን አንሥቶ ዝም አለ። ከሴቶቹ አንዷ አላስቻላትምና እልል አለች። ጽሑፉ አጭር የሆነው ተራኪው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው፤ ተራኪውን ቢተካ ኖሮ ዲያቆኑ ሥራ ባልኖረው ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወደ ገበያ የወጣው የሥዕል ትረካ ደግሞ የንግሥተ ሳባ ነው። በተለመደው አሠራር በአራት ረድፍ አሥራ አንድ አሥራ አንድ፣ በጠቅላላው 44 ክፍሎች አሉት። በ20ኛው ምእተ ዓመት በአዲስ አበባ ይህን ሥራ ካስፋፉት ባለሙያዎች የበላቸው ይመር ስም በቀዳሚነት ይነሣል። በጎጃም ቢቸና ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ወደ አዲስ አበባ የተሻገሩት ቄስ አዳሙ ተስፋው ደግሞ ከኋለኞቹ አንዱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ሥራቸው ለብቻው ታይቶ ሬይመንድ ሲልቨርማን መጽሐፍ አዘጋጅቶላቸዋል። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ግን፣ እኔን ጨምሮ፣ 44ቱን ክፍሎች ከክብረ ነገሥት ተቀድተው በሥዕል የተገለበጡ አድርገን ስናልፋቸው ኖረናል። ይህ ስሕተት ነው። ሥዕሉ የሚጀምረው ሕዝብ ከሚገዛው ዘንዶና ዘንዶውን ከሚገድለው ሰው ነው፤ ክብረ ነገሥት ይህን አይነግረንም። ንግሥቲቱን ተከትላ የሄደችው ደንገጡር በሰሎሞን ቤት የሚደርስባትም እንዲሁ በመጽሐፉ የለም። ሥዕሉ የሚከተለው በአፍ የሚነገረውን ታሪክ ነው። እንግዲህ «በቃል የተነገረው የእኛ ነው» ያልኩት ሰውዬ፣ በቃል የተነገረውን ተማሪዬ በእጁ ይዞ ሲያቀርብልኝ ነው የመለስኩት!

ተማሪዬ ከንግሡ በኋላ ያስተዋወቀኝ ሠዓሊ በመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተቀምጠው የሚሠሩ አዛውንት ነበሩ። ዜማና ቅኔ ስለተማሩ ሰዉ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ቆዳውን በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ደርቆና ተፍቆ ሲለሰልስ በእርሳስ ይከፍሉታል። እያንዳንዱን ክፍል «ቤት» ይሉታል። የግጥም ቤት ትዝ ብሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም፤ «ቤት ካልተመታ ምን ግጥም አለ፣ ቤት ካልተከፈለስ ምን ታሪክ አለ?» አሉኝ።

የኔታ ዘጌ ተቀምጠው ብቻ አልኖሩም። ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር፣ ከዚያ በኋላ ለኪዳነ ምሕረት ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። ሥዕሎቻቸውን ጠቅልለው በሸራ ከረጢት ይዘው፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳይወድቅባቸው በጉልበታቸው ታቅፈው ይጓዛሉ። የዓመቱ ገቢ በሁለት ወር ውስጥ ይሰበሰብ ነበር፤ ቀሪው ጊዜ ለመሣል ነው። ላሊበላ ከሌሊት ጀምሮ በሚጎርፈው ምእመን መካከል አንድ መደብ ይይዛሉ። ያነጋገርኳቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሲሆን፣ ስለ ቀለም ከነገሩኝ ይልቅ ስለ ሰው የነገሩኝ ይበልጣል። «ገበሬ ሲመጣ ከዘንዶው እጀምራለሁ። ሴቶች ከሆኑ ከማክዳ መንገድ። ፈረንጅ ሲመጣ ግን በሰሎሞን አልጋ ጀምር ይለኛል አስጎብኚው፤ ያ ያስቃቸዋልና» አሉኝ። አንድ ሥዕል ነው፤ 44 ቤት ነው፤ ግን መግቢያው እንደ ተደራሲው ይለያያል። በንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት «ክፍት ድርሰት» ስለሚባለው ብዙ አስተምሬያለሁ፤ ይህን ያህል በግልጽ ሲሠራ ያየሁት ግን በዚያ ዋርካ ሥር ነው።

አንድ ያሳዘነኝን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የኔታ በወጣትነታቸው የሣሉትን አንድ አሮጌ አቡጀዲ አውጥተው አሳዩኝ። ከእያንዳንዱ ቤት በታች ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ጥርት ያለ፣ እጥር ያለ፣ የቅኔ ተማሪ እጅ ያለበት ነው። በቅርብ የሣሉት ላይ ግን ፊደሎቹ ጌጥ ሆነዋል፤ አንዳንዱ ቃል መካከሉ የለም፣ አንዱ ዐረፍተ ነገር በሁለት ቤት ሥር ተደግሟል። ስጠይቃቸው አላፈሩም። «የሚገዛው አያነበው፣ አስጎብኚውም ይቸኩላል። ለማን ልጻፈው?» አሉ። የሥዕል ትረካው ጽሑፍ የተበላሸው ባለሙያው ስላልቻለ አልነበረም፤ በሠሪውና በተቀባዩ መካከል የጋራ ቋንቋ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚሞተው ከሥዕሉ በታች ያለው ያ አንድ መስመር ነው። ተማሪዬ ሊጽፈው የነበረው ምዕራፍ ይህ ነበር።

በሌላው ዓለምም የሥዕል ተራኪ ኑሮ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ የሳን ዲየጎ የኮሚክ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በፈረንሳይ የአንጉሌም በዓል በ1974 ተጀምረዋል፤ በአህጉራችንም አልጀርስ በ2008፣ ሌጎስ በ2012 የየራሳቸውን አቋቁመዋል። ባለሙያው ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ሲሥል ይከርምና በእነዚህ ቀናት ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ሰልፍ የያዘውን አንባቢ አንድ በአንድ ያነጋግራል። በፈረንሣዮቹ ልማድ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ አንባቢ ትንሽ ሥዕል ይሥልለታል፤ ለዚህ ሰዓታቸው ክፍያ ይገባናል የሚሉ ደራስያንም ሲከራከሩ ቆይተዋል። እኔ ይህን ክርክር ሳነብ ወደ ልቤ የመጣው የየኔታ ዘንግ ነው። የታተመው ኮሚክ ንግግሩን በአረፋ ውስጥ አስገብቶ ተራኪውን ከገጹ አጠገብ አባርሮታል፤ አንባቢው ግን ተራኪውን ፍለጋ ትኬት ቆርጦ፣ ሰልፍ ይዞ ይመጣል።

በአገራችን በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጁ ከወጣ በኋላ በበዙት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ ካርቱን የሚሥሉት ባለሙያዎች ይህን ዕድል አላገኙም ማለት ይቻላል። ተደራሲያቸው ጋዜጣ ተከራይቶ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ነበር። እርሱም ቢሆን ብቻውን አልነበረም፤ አንዱ ያሳያል፣ ሌላው «ይሄ እኮ እገሌ ነው» እያለ ይፈታል። ዘንጉ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ ተከራዩ እጅ ገባ እንጂ አልጠፋም።

ወደ መጽሐፍ ደረጃ ከደረሱት ውስጥ በሰፊው የተነገረለት ብሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ነው፤ ከጥንት ዘመን በቀረ ቅርስ አማካይነት ልዩ ኃይል ያገኛል። ሥራ ፈላጊ ምሩቅን ጀግና ማድረጉ ብልህነት ነው፤ የእኔ ተማሪዎች ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ስለ ራሳቸው እንደሚነጋገሩ ነበር። የምቀርበው ወቀሳ በዕቅዱ ላይ አይደለም፤ ቅርጹ ከአሜሪካ የልዕለ ኃያላን ኮሚክ የመጣ በመሆኑ ተደራሲው የዚያን ቅርጽ ሰዋስው አስቀድሞ የሚያውቅ ተደርጎ መታሰቡ ላይ ነው። የከተማ ልጅ ያውቀዋል። ከዚያ ውጭ ያለው አንባቢ ግን የሥዕል ንባቡን የተማረው ከሌላ ትምህርት ቤት ነው።

ይህ ሁሉ ሥነ ጽሑፍን ወደ ሥዕል መጎተት ነው የሚል የሥራ ባልደረባ አይጠፋም። ለእርሱ የማስታውሰው የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለዱት እዚሁ ዘጌ ነው፤ ጣልያን የተላኩትም ሥዕል ሊማሩ ነበር፤ በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ያሳተሙት ከዚያ በኋላ ነው። ከዘጌ ግድግዳ እስከ «ጦቢያ» ቀጥ ያለ መንገድ አለ አልልም፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ማስረጃ ይፈልጋል። ነገር ግን ልብ ወለዳችንን የወለደው እጅ አስቀድሞ ብሩሽ ይዞ ነበር፤ እኛ ግን ብሩሹን የሌላ ትምህርት ክፍል ንብረት አድርገን አስረከብን።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ የእንግዳውን መንገድ ሲዘጋ የየኔታ የላሊበላና የጎንደር ጉዞ ተቋረጠ። ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ብሏቸው ያገኘኋቸው ከዚያ በፊት፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው። ተማሪዬ «ጀምበር»ን ይዞላቸው መጥቶ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ቀስ ብለው ገለጡት፤ ቀለሙን አደነቁ። ከዚያ ጣታቸውን በአንድ ቤት ላይ አሳረፉና፣ «ይሄ ሰውዬ ክፉ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይ የኔታ፣ ጀግናው እኮ ነው» አለ ተማሪዬ።

«ታዲያ ለምን አንድ ዓይኑን ሸሸጉት?»

ጀግናው በጎኑ ተሥሎ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በአንድ ዓይን የሚታየው ከሐዲው ነው። ተማሪዬ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። የኔታ ትንሽ አሰቡና፣ «ሠሪው አጠገቡ ቢሆን ይነግረኝ ነበር» አሉ። እኔም በውጭ አገር ሠሪው በዓመት አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ዘርግቶ ከገዢው ጋር እንደሚገናኝ፣ ሰውም ከሩቅ እንደሚመጣለት ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።

«ለቦታው ይከፍላል?»

«ብዙውን ጊዜ አዎ፤ ጠረጴዛውን ይከራያል።»

«እኔም ላሊበላ ለመደቤ እከፍላለሁ» አሉና ቆዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «ምን ያህል እንደሚያስከፍሉት ጠይቅልኝ፣ አንተ ልጅ።»