«ብሎን» ያልሆነው ብሎን፤ ስለ አንድ የማሽን ክፍል ስያሜ የቀረበ ሒስ

በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት በታሪክ የታወቀው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በተከናወነበት የብረት ሥራ ነው። በባዝል አቅራቢያ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ባለሙያ ሚስዮናውያንና ሌሎች አውሮፓውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው፣ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በዚያ መንደር ሠሩ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመተው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በባለመንኰራኵር ሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሰው ጕልበት እየተሳበ መቅደላ ደረሰ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን አንድ ቁም ነገር ነው። ያ ሁሉ ክብደት በምድር ላይ እየተፋቀ ቢጎተት ኖሮ ከጋፋት ዳገት ባልወጣም ነበር፤ የተጓዘው መንኰራኵሩ ስለተንከባለለ ነው። መንሸራተትና መንከባለል በአማርኛ ሁለት ግሦች እንደሆኑ ሁሉ፣ በብረት ሥራም ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። አንድ የሙያ ስያሜ እነዚህን ሁለቱን ካደባለቀ ጥፋቱ በቃል ብቻ አይወሰንም፤ ወደ ሠራተኛው እጅ ይተላለፋል። ይህን የምንለው በዘመናዊ ማሽኖች ውስጥ የሚገኝ አንድ ክፍል በአማርኛ ሲሰየም «የኳስ ብሎን» መባሉን ለመተቸት ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንመልከት። ረዥም የብረት ዘንግ አለ፤ በዙሪያው እንደ ሐረግ የሚጠመጠም ለስላሳ ቦይ ተቈፍሮበታል። በዘንጉ ላይ የሚመላለስ ዳዶ አለ፤ በዳዶውም ውስጥ ተመሳሳይ ቦይ አለ። በሁለቱ ቦዮች መካከል ድቡልቡል የብረት እንክብሎች ተደርድረዋል። ዘንጉ ሲዞር እንክብሎቹ ይንከባለላሉ፤ ከዳዶው ጫፍ ሲደርሱም በመመለሻ መንገድ አልፈው እንደገና ከመነሻቸው ይገባሉ። በዚህም የዘንጉ ዙረት ወደ ቀጥታ ጕዞ ይለወጣል። በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ቶርኖዎችና መፈልፈያ ማሽኖች መሣሪያውን በሚሊሜትር መቶኛ ክፋይ ልክ የሚያንቀሳቅሱት በዚህ ክፍል ነው።

አንባቢው ይህ ዕቃ ከደቡብ ጎንደር ደጋ የራቀ ነው ብሎ እንዳያስብ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋሸና በሚወጣው መንገድ የሚመላለሱ ብዙ የጭነት መኪናዎች፣ እንደ ላንድክሩዘር 70 ያሉትም፣ በመሪያቸው ሳጥን ውስጥ ይህንኑ አሠራር ይዘዋል። ሾፌሩ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ መሪውን ባዞረ ቍጥር እንክብሎቹ በቦያቸው ይንከባለላሉ።

እንግዲህ ወደ ስያሜው እንመለስ። «ብሎን» ከጣልያንኛ የተዋስነው ቃል ነው፤ «ዳዶ»፣ «ቶርኖ»፣ «ካቻቢቴ» የተባሉትም እንዲሁ። ትውስት መሆኑን አንነቅፍም፤ ከተለመደ ቈይቷልና። የምንነቅፈው ትርጉሙ የማይስማማ መሆኑን ነው። ብሎን የሚያያይዝና የሚያጠብቅ ነው፤ ሥራው አለመንቀሳቀስ ነው። የምንናገርለት ዘንግ ግን ሥራው ማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ስያሜው የዕቃውን ተግባር ገልብጦ ያቀርባል።

ከዚህ የሚከተለውን ጕዳት በሁለት ነገር እናሳይ። አንደኛ፣ ተራው ብሎን ካቆሙት ቦታ ይቆማል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ፍትጊያ ይይዘዋልና። በጥርስ ላይ የሚንሸራተት የተለመደ ማንቀሳቀሻ ዘንግ ከሚሰጠው ኀይል አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታቹን ብቻ ለሥራ ያውላል፤ ባለእንክብሉ ግን ወደ 90 በመቶ ያደርሳል። ይህ ትርፍ የራሱ አደጋ አለው። ፍትጊያው ጥቂት በመሆኑ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ የተሸከመው ራስ ፍሬኑ ሲለቀቅ በገዛ ክብደቱ ዘንጉን እያዞረ ይወርዳል። «ብሎን ነው፤ የትም አይሄድም» ብሎ ከሥሩ እጁን የሚያስገባ ሠራተኛ በስያሜው ተታሏል። ራሱን አስቀድሞ በድጋፍ ማሳረፍ እንደሚገባ ያልነገረው ስሙ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ልኩን መሳት ሲጀምርና ዘንጉ አቅጣጫ ሲለውጥ ጥቂት ባዶ ዙረት ሲታይ፣ ሠራተኛው «ላላ» ይላል። በአማርኛ ለላላ ነገር መልሱ «አጥብቀው» ነው። እዚህ ላይ ግን ከማጥበቅ በፊት መለየት ይገባል። ልቅነቱ ሞተሩን ከዘንጉ በሚያገናኘው መጋጠሚያ፣ ወይም ዘንጉን ጫፍና ጫፉ ላይ በሚደግፉት ኩሽኔታዎች፣ ወይም በዳዶው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ባለሰዓት መለኪያ በየቦታው ተደግኖ የትኛው ክፍል እንደሚንቀሳቀስ ሳይታይ የሚወሰድ ርምጃ ሁሉ ግምት ነው። ከዳዶው መሆኑ ቢረጋገጥም «ላላ» ትክክለኛው ቃል አይደለም፤ «ተበላ» ወይም «ተቀረፈ» ማለት ይገባል። የተበላ የሚባለው አቧራና ብረት ብናኝ ገብቶ፣ ወይም ቅባት ጐድሎት ቦዩ ሲያልቅ ነው፤ የተቀረፈ የሚባለው ደግሞ ከብዙ ጭነት ብዛት የቦዩ ገጽ እንደ ዛፍ ልጥ በቅርፊት ሲነሣ ነው። ይህን ማጥበቅ አያድነውም። እንዲያውም እንክብሎቹ ቀድሞውንም ያለ ልቅነት እንዲሠሩ በፋብሪካው የተወሰነ ቅድመ ጫና ተሰጥቷቸዋል፤ በላዩ ላይ ሌላ ጫና መጨመር ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ጭነቱ በእጥፍ ሲጨምር የክፍሉ ዕድሜ ወደ ስምንተኛ እጁ እንደሚወርድ የታወቀ ስሌት አለ።

ብሎን የለመደ እጅ ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ዳዶውን እየፈታ ከዘንጉ ያወጣዋል። በዚያን ጊዜ እንክብሎቹ ይፈስሳሉ። ዳዶው ከዘንጉ የሚወጣው ከዘንጉ ጫፍ ጋር በተገጠመ ልከኛ ቱቦ ላይ ተላልፎ ነው።

ስሕተቱ የብሎን ብቻ አይደለም። «ኳስ» የሚለውም ጆሮን ወደ ሜዳ ይወስዳል፤ «የኳስ ብሎን» ሲባል ብሎኑ የኳስ ንብረት ይመስላል እንጂ በውስጡ የሚሆነው አይታወቅም። «ጥምዝ ዘንግ» የሚል አማራጭም ቢታሰብ የባሰ ነው፤ ለጥገና ባለሙያ የተጠመዘዘ ዘንግ የተበላሸ ዘንግ ነውና። የእንግሊዝኛውን «ቦል ስክሪው» እንዳለ መውሰድ በሥራ ቦታ ያግባባል፤ በአንጻር ፍቺ መመዝገቡንም አንቃወምም። ነገር ግን ለአማርኛ ተማሪ የዕቃውን ባሕርይ አይነግረውም።

እኛ የምንመርጠው «ባለእንክብል ዘንግ» የሚለውን ነው። «እንክብል» ከ«ተንከባለለ» ጋር ስለሚዛመድ የዕቃው ምስጢር የሆነውን መንከባለልን በስሙ ይዟል። «እንክብል የመድኀኒት ስም ነው» የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ እናውቃለን። ይሁንና «ጥርስ» የሰውም የመጋዝም ስም ሆኖ ማንንም አላሳሳተም፤ ዐውዱ ይለየዋል። ዳዶውን «ተጓዥ ዳዶ» ብንለው ከሚጠብቀው ዳዶ ይለያል፤ በአንድ ዙረት የሚጓዘውንም ርቀት «ርምጃ» ብንለው ይበቃል። በዚህ መሠረት ለመዝገበ ቃላት የሚከተለውን ፍቺ እናቀርባለን፦

ባለእንክብል ዘንግ (ስም)፤ በቦዩና በተጓዥ ዳዶው መካከል በሚንከባለሉና በመመለሻ መንገድ በሚዘዋወሩ እንክብሎች አማካይነት ዙረትን ወደ ቀጥታ ጕዞ የሚለውጥ የማሽን ክፍል። ለማያያዣ አያገለግልም፤ ያለ ፍሬን ጭነት አይዝም።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ለመዝገበ ቃላት ይበዛል የሚሉን ይኖራሉ። ስለ ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ እኛም እንስማማ ነበር። አማርኛ ግን የብረት ሥራ ቃላቱን ያገኘው ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ጋር እንደ መጣ፣ ሳይመረመር ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአካባቢው ስንት ትውልድ ሙያ ተምሯል፤ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የሥራ ቦታው ቋንቋ አማርኛ ሆኖ በሁለቱ መካከል የሚጐድለውን የሚሞላው ደግሞ በጆሮ የተለቀመ ቃል ነው። የጐደለውን አስተካክሎ መሙላት የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ድርሻ ነው።

ጋፋት የሚለው ስም በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ፣ ዛሬ ግን ተናጋሪ የሌለውን የጋፋትኛን ቋንቋ ስም ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዎልፍ ሌስላው ሊያጠናው በመጣ ጊዜ የቀሩት ተናጋሪዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። አማርኛ እንዲህ ያለ ስጋት የለበትም፤ የሙያ ቃላቱ ግን በየጋራዡና በየቶርኖ ቤቱ ተበትነው ይገኛሉ። ስለዚህ የምንለምነው ይህ ነው፦ ስያሜ የሚያወጣ ሰው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ዕቃው ሲፈታ ይመልከት፤ ያወጣውንም ቃል ከመመዝገቡ በፊት ለጥገና ሠራተኛው ይንገረውና ሠራተኛው እጁን ወዴት እንደሚሰድ ይይ። እጁ ወደ መፍቻ ከሄደ ቃሉ ገና አልበሰለም፤ ወደ መለኪያው ከሄደ ግን ሊመዘገብ ይገባዋል።